በረካ ያልተጠጣበት ቡና

ወንጪን የምታውቁ ብርዱን ታውቁታላችሁ። ለማታውቁ ልንገራችሁ፦ ከአምቦ ተነስታችሁ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ ሽቅብ ስትሉ፣ ስትሉ፣ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ወጥታችሁ ጆሯችሁ ድፍን ሲል፣ ሐይቁን ድንገት ከገደሉ ሥር ታዩታላችሁ። ጥንት የእሳተ ገሞራ አፍ ነበረ። ዛሬ ውሃ ሞልቶበታል፤ ደሴቱ ላይ ቂርቆስ አለ፣ ከወዲህ ፍል ውሃ አለ፣ ዳገቱን እንሰትና ጽድ ለብሶታል። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ ሲያስገባው እኛ ዘመድ ያለን ሰዎች ልጃችን የተዳረ ያህል ነበር ደስ ያለን። ዛሬ ግን የማጫውታችሁ ስለ ሐይቁ አይደለም። ስለ አንዲት የመድኃኒት ፓኬት ነው።

ታኅሣሥ እየተገባደደ፣ የገና ጾም ሊፈታ ቀናት ሲቀሩት ነው። ከሚኒሶታ የመጣችው የአክስቴ ልጅ ረቡዕ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ፣ አዲስ አበባ፣ እራት ቀርቦ እጇን ስትታጠብ ብርድ ብርድ አላት። ቅድም ስትስቅ የነበረች ልጅ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ጋቢ ጠየቀች። "የአውሮፕላን ድካም ነው" አለች። "አዎ፣ እንቅልፍሽ ተዛብቶ ነው" አልናት። በማግስቱ አጥንቷ እየተቆረጣጠመ መኪና ውስጥ ገባች፤ አኮ እየጠበቁ ቀጠሮ አይሰረዝማ። አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፤ እኛ ቤት በአማርኛ ስናወራም አኮ፣ አኮ ናቸው። ወንጪ ስንደርስ ልጅቷ ከመኪና ወርዳ እስከ በሩ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ቆመች። "ከፍታው ነው" አልን ደግሞ። ሰበብ ለማግኘትማ ማን ይችለናል።

እሁድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቡና ተፈላ። ጾም ስለሆነ ቁርሱ ቆሎ ብቻ ነው። ጎረቤት ተሰብስቧል። አኮ ከምድጃው አጠገብ መደቡ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ጋደም ብለዋል። ቅዳሴ አልሄዱም። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ እኛ ልብ አላልናትም ነበር።

አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲጣድ የአክስቴ ልጅ ሻንጣዋን ስትበረብር "ውይ!" ብላ አንዲት ፓኬት አወጣች። ታሚፍሉ ይላል። ውስጡ አሥር እንክብል፣ እያንዳንዱ 75 ሚሊ ግራም። ታሚፍሉ የንግድ ስሙ ነው፤ መድኃኒቱ ራሱ ኦሴልታሚቪር ይባላል። ባለፈው ዓመት ጉንፋን ክፉኛ ጥሏት ስለነበር ሐኪሟ ለመንገድ ብሎ አዞላታል፦ ትኩሳት በጀመረሽ በሁለት ቀን ውስጥ ጀምሪው፣ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ለአምስት ቀን። እሷ ረስታው ሻንጣ ውስጥ ከቸኮሌቱ ሥር ተኝቷል።

"ምንድን ነው እሱ?" አሉ አንዲት ጎረቤት።

"ፀረ-ቫይረስ ነው፣ እትዬ።"

ቤቱ ጸጥ አለ። ቡና የምትቀዳዋ ልጅ እንኳ እጇ ጀበናው ላይ ቀረ። ጎረቤታችን ሲኒያቸውን አስቀመጡ፣ ጠጋ አሉ፣ ጉልበቷን ዳሰስ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ዛሬ እንደ ድሮ አይደለም። ከጀመርሽ ቆየሽ?" አሏት።

ሳቄን በቆሎ ነው ያፈንኩት። ግን አይፈረድባቸውም። በእኛ አገር ፀረ-ቫይረስ ሲባል ሰው የሚያውቀው አንዱን ነው። በ1997 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መታደል ሲጀምር ከአልጋ የተነሳውን ሰው በዓይኑ ያየ መንደር፣ "ቫይረስ" የሚለውን ቃል ለዚያ ብቻ ሰጥቶታል። ጉንፋንም ቫይረስ ነው ስንላቸው ደግሞ ነገሩ ተገለበጠና ሌላ መገረም መጣ፦ "ለጉንፋን? ለጉንፋን ነው ይኼ ሁሉ?"

እኔን ከጠየቃችሁኝ ጥፋቱ የቃሉ ነው። አፍንጫ የሚያንጠባጥበውንም ሰው የሚገድለውንም "ጉንፋን" ብለን አንድ አቁማዳ ውስጥ ከትተናቸዋል። ተራው ጉንፋን ደጅ ጠንቶ ነው የሚገባው፤ ዛሬ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ነገ ያስነጥሳል፣ ከነገ ወዲያ ድምፅ ይዘጋል። ኢንፍሉዌንዛ ግን በር ገንጥሎ ነው የሚገባው። ብዙ ጊዜ የገባበትን ሰዓት መናገር ትችላላችሁ፤ ረቡዕ ማታ ሁለት ሰዓት፣ እጅ ሲታጠብ። የድሮ ሰዎች ልዩነቱን አሳምረው ያውቁት ስለነበር ስሙንም ለይተውታል። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን ሲያጥለቀልቃት "የኅዳር በሽታ" አሉት። በከተማዋ ብቻ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው እንደፈጀ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው በጠና ታመው ነው የተረፉት። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስበን የምናጨሰው ከዚያ ወዲህ ነው። በጭሱ እየተለበለብን "ኅዳር ሲታጠን" እንላለን፤ በወሩ ትኩሳት ሲጥለን ደግሞ "ጉንፋን ነው፣ ያልፋል"። የምናጥነውና የያዘን የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን ማን ያስታውስ! ታሚፍሉ የሚለውን ስም እኔ መጀመሪያ የሰማሁት በሰኔ 2001 ዓ.ም. ነው፣ የአሳማ ጉንፋን የተባለው ከአሜሪካ በመጡ ሁለት ልጃገረዶች ላይ አገራችን ውስጥ ሲገኝ። እንግዲህ እኛም ቤት እንግዳዋ የመጣችው ከዚያው አገር ነው።

ወደ ቡናው እንመለስ። ምክሩ ዘነበ። አንዷ ዳማከሴ ጨምቀው ያሽቷት አሉ፣ ሌላዋ ፌጦ በሎሚ፣ ሦስተኛዋ ነጭ ሽንኩርት በማር። ማሩን ማንም አልተቃወመም፤ ሳል ያለዝባል። አንድ ጎረምሳ ግን በር ላይ ቆሞ "አሞክሳሲሊን ነው የሚሻለው፣ እኔ ሁሌ እሱ ነው የሚያድነኝ" አለ። የሚያድነው ሳምንቱ እንደሆነ ማን ይንገረው? አሞክሳሲሊን ባክቴሪያ ይገድላል እንጂ ቫይረስን አይነካውም። ያለ ማዘዣ ገዝተን በዋጥነው ቁጥር ደግሞ ባክቴሪያው ይለምደዋል፤ እውነተኛ የሳንባ ምች የመጣ ቀን መድኃኒቱ ዝም ይላል።

አኮ ከጋቢው ሥር ሆነው "ታዲያ ይኼኛው ምን ያደርጋል?" አሉ። አኮ ንብ ያውቃሉ፣ የወንጪ ሰው ናቸዋ። ስለዚህ በንብ አስረዳኋቸው። ቫይረሱ ሰውነታችን ውስጥ ሴል ፈልጎ ይገባል፣ እዚያ ይራባል፣ ልጆቹ በሴሉ ገላ ላይ ተጣብቀው ይወጣሉ። ተላቀው ለመሄድ ማጣበቂያውን የሚቆርጡበት መቀስ አላቸው። መድኃኒቱ የሚይዘው ይኼን መቀስ ነው። አይገድላቸውም፤ ደጃፉ ላይ ተጣብቀው እንዲቀሩ ያደርጋል። እንግዲህ አኮ፣ የቀፎውን በር መንጋው ሳይወጣ ከደፈኑት ደፈኑት።

"ከወጣ በኋላማ ጭስም አይመልሰው" አሉና ሳሉ።

ጎረቤታችን ከምን እንደሚሠራ ጠየቁ። መነሻው ቻይና ውስጥ ከሚበቅል፣ ፍሬው ኮከብ ከሚመስል ቅመም የሚወጣ አሲድ ነበር ብንላቸው ፊታቸው በራ። "ቅመም ከሆነማ የኛ ነው!" ቅመሙን አፍልቶ መጠጣትና እንክብሉን መዋጥ ግን በቆሎና በአረቄ መካከል ያለውን ያህል ይራራቃሉ፤ መሐላቸው ብዙ ሥራ አለ።

ሰዓቱን ቆጠርን። ከረቡዕ ማታ ሁለት ሰዓት እስከ እሁድ ጠዋት ሦስት ሰዓት 85 ሰዓት ነው። የተባለው 48 ነበር። መንጋው ከወጣ ውሎ አድሯል። ልጅቷም ብትሆን ትኩሳቷ ከቅዳሜ ጀምሮ ጋብ ብሏል።

እሺ፣ በሰዓቱ ብትጀምረውስ ኖሮ ምን ታተርፍ ነበር? ይህቺ ጥያቄ ትልልቅ ሰዎችን ለዓመታት ያነታረከች ናት፣ እኔም ነገሩን ስለምወደው ትንሽ ታገሡኝ። ኮክሬን የሚባል የመድኃኒት ጥናቶችን የሚመረምር የተመራማሪዎች ስብስብ አለ። አምራቹን ሮሽን "ሙከራዎቹን ሙሉውን አሳየን፣ ጠቅሰህ የጻፍከውን ብቻ አይደለም" ብሎ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወጥሮ ያዘው። ሰነዱ ተሟልቶ እጃቸው እስኪገባ 2013 እ.ኤ.አ. ሆነ። በሚያዝያ 2014 እ.ኤ.አ. ያወጡት ውጤት እንዲህ ይላል፦ አዋቂ ሰው መድኃኒቱን ሲወስድ ሕመሙ ከ7 ቀን ወደ 6.3 ቀን ያጥራል። በሰዓት ቢመነዘር ወደ 17 ሰዓት ነው። ሆስፒታል ከመግባት እንደሚያድን ማስረጃ አላገኙም፤ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ግን ከወሰዱት ከሃያ ምናምኑ አንዱን ያገኘዋል። በዚያን ጊዜ እንግሊዝ ብቻዋን 424 ሚሊዮን ፓውንድ አውጥታ ታሚፍሉ በመጋዘን ከምራለች! የዓለም ጤና ድርጅትም በ2017 እ.ኤ.አ. ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዋና ዝርዝር አውጥቶ በጠና ታመው ሆስፒታል ለተኙ ሰዎች ወደሚለው ተጨማሪ ዝርዝር አወረደው። በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ 15 ሙከራዎችን፣ ከ6,000 በላይ ሕመምተኞችን አንድ ላይ የመረመረ ጥናት፣ ቤታቸው ሆነው የወሰዱት ሰዎች ሆስፒታል መግባታቸው ሲቀንስ አላየም።

በሌላ ወገን የአሜሪካው የበሽታ መከላከያ ማዕከል እስከ ዛሬ አቋሙን አልለወጠም፦ ነፍሰ ጡር፣ አረጋዊ፣ ሕፃን፣ አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው በኢንፍሉዌንዛ ከተጠረጠረ የምርመራ ውጤት እንኳ ሳይጠበቅ ቶሎ ይጀመርለት ይላል። ሙከራዎቹ ውስጥ የገቡት አብዛኞቹ ጤነኞች ናቸው፤ ለሞት የቀረበው ሰው ላይ ያለውን ጥቅም እነሱ አያሳዩም ነው ክርክሩ። ሁለቱም ወገን የሚናገረው ባዶ አይደለም።

17 ሰዓት ለጤነኛ የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ምን ማለት ነው? ማክሰኞ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ተነስቶ በመሄድና ረቡዕ ቀትር ላይ ተነስቶ በመሄድ መካከል ያለ ልዩነት ነው። እኔ ብሆን ለዚያ ብዬ ሆዴን አላስቸግርም። የሚፈልገው ይውሰድ፣ ነውር የለውም። የአክስቴ ልጅም ሳትወስደው ቀረች፣ እኛም ነገሩ ያለቀ መሰለን።

ለነገሩ ማሳረጊያ እንዲሆን ብለን አምቦ ጤና መኮንን ሆኖ ለሚሠራው የወንድሜ ልጅ ደወልን። ስልኩን ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርገን መደቡ ላይ አስቀመጥነው። መቼ ጀመራት? ሌላ ሕመም አለባት? እርጉዝ ናት? ስትተነፍስ ደረቷን ይወጋታል? ሁሉንም መለስን። "በቃ ትተወው፣ ውሃ ትጠጣ፣ ትረፍ" አለና ቀጥሎ ዝም አለ።

"ቆይ፣ ማነው የሚያስለው?"

"አኮ ናቸው፣ ብርድ መትቷቸው ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

ተያየን። ማንም አያውቅም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባል የለ? አኮ እንግዳ እንዳይረበሽ ብለው የሸሸጉትን ሳላቸው በስልክ አሳበቀባቸው። "ማታ እሳት ስናዳፍን" አሉ በመጨረሻ፣ "አጥንቴን ቆረጠመኝ።" ማታ ሦስት ሰዓት ማለት ነው። ገና ግማሽ ቀን። ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል፣ አስም አለባቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን በእንጨት ጭስ ነው ያበሰሉት። የጠዋቱን ሰዓት በሙሉ ስለማያስፈልጋት ሰው ስንከራከር የሚያስፈልጋቸው ሴት በክንድ ርቀት ተኝተው ስለ ንብ ያጫውቱናል!

የአክስቴ ልጅ ዓይኗ እንባ ሞላ። በሽታውን ይዛ የመጣችው እሷ ናትና። ወዲያው እንክብሎቹን ከፓኬቱ አውጥታ "አምስት አምስት እንካፈላለን" አለች። ቤቱ በሙሉ ደስ አለው። እኛ እንዲህ ነን፤ ያለንን ለሁለት ካልገመስን አይዋጥልንም። ከስልኩ ውስጥ ግን ጩኸት ወጣ። "እንዳታደርጉት! እንጀራ አይደለም!" ግማሽ ለሷ፣ ግማሽ ለአኮ ቢሆን ለአንዳቸውም አልተሟላ። ደግሞስ የአኮን ሳንባ ማን አዳመጠ? ኩላሊታቸው ደክሞ ከሆነ መጠኑ ይቀነሳል። የሳንባ ምች ገብቶ ከሆነ ይኼ እንክብል ብቻውን አይበቃም። "መኪና አስነሱና አምጧቸው፣ ፓኬቱንም ይዛችሁ ኑ።"

"በረካ ሳይጠጣ?" አሉ አኮ።

"በረካውን አምቦ ይጠጣሉ።"

አምቦ ስንደርስ አንድ ሐኪም ደረታቸውን አዳመጠ፣ ጣታቸው ላይ የኦክስጅን መለኪያውን ቆነጠጠ፣ ቁጥሩን አየና ከየት እንደመጣን ጠየቀ። ወንጪ ሲባል ራሱን ነቀነቀ፤ እዚያ ከፍታ ላይ ጤነኛውም ሰው ቁጥሩ ዝቅ ይላል፣ ስለዚህ እዚህ ወርደው የታየውን ነው የማምነው አለ። ሳንባ ምች የለም። ኦሴልታሚቪር ጻፈላቸው። ሁለት መድኃኒት ቤት ብንጠይቅ የለም ተባልን። ተመልሰን ፓኬቱን አሳየነው፤ የሚያበቃበትን ቀን አነበበ፣ "ይኼው ይሁን፣ አሥሩንም እሳቸው ይውሰዱ" አለ።

አሁን መድኃኒቱ የአኮ ሆነ። አኮ ግን እጃቸውን አልዘረጉም።

መጀመሪያ ጾሙ ነው። የእንክብሉ ሽፋን ከእንስሳ የሚወጣ ጄላቲን እንደሆነ አንድ ቀን ከሬዲዮ ሰምተዋል፣ አልረሱም። የነፍስ አባታቸው ዘንድ ተደወለ፤ ለታመመ መድኃኒት ጾም አያስገድፍም አሏቸው። ቀጥሎ "የሰው ንብረት ነው" አሉ፤ የአክስቴ ልጅ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ደረሰች። ሦስተኛው የቆየው ነው፦ "ለጉንፋን?" ሐኪሙ ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ። "እማማ፣ ይኼ ያድንዎታል ብዬ አልምልም። በርስዎ ዕድሜና ሕመም እንዳይጠናብዎ ሊያግዝ ይችላል፣ በዚህም ሐኪሞች አንድ አይደለንም። ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ ማቅለሽለሽ ነው። የሚጠቅም ከሆነ ግን ዛሬ ነው የሚጠቅመው።"

አኮ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ "ውሃ አምጡ" አሉ። በኋላ መኪና ውስጥ ለምን እንደተስማሙ ስጠይቃቸው "ቢምልልኝ ኖሮ አልውጠውም ነበር" አሉኝ።

በሁለተኛው ቀን አቅለሸለሻቸው፤ ከዚያ በኋላ ከተልባ ገንፎ ጋር ስለወሰዱት ቀለላቸው። በሦስተኛው ቀን ትኩሳታቸው ለቀቀ። አሥረኛዋን እንክብል ሐሙስ ማታ ዋጡ። ሳሉ እስከ ጥምቀት ድረስ አብሯቸው ከርሟል። የአክስቴ ልጅ ያለ መድኃኒት ከሳቸው ቀድማ ድና ፈረስ ተከራይታ ሐይቁ ድረስ ወረደች። ያሻላቸው እንክብሉ ነው ወይስ የራሳቸው ጠንካራነት ብትሉኝ፣ ከአንዲት አያት ይኼ አይታወቅም፤ 6,000 ሰው ተመርምሮም እየተከራከሩ ነው። በቦታቸው ብሆን ግን እኔም እውጠው ነበር፣ በእሷ ቦታ ብሆን ደግሞ ፓኬቱን አልከፍትም ነበር።

የእናንተ ቤት ሰው ድንገት ብርድ ብርድ ብሎት ሲጋደም አደራ፣ ሰዓቱን ተመልከቱ። አረጋዊ፣ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ወይም አስም፣ ስኳር፣ ልብ ያለበት ከሆነ ማግስቱን አትጠብቁ፣ ጤና ጣቢያ አድርሱት። ማንም ቢሆን ትንፋሽ ካጠረው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ከቀባዠረ ወይም ተሽሎት ትኩሳቱ ከተመለሰ የእንክብል ክርክሩን ትታችሁ ሩጡ።

የገና ዕለት ቅቤው ተነጥሮ፣ ቤቱ ሞልቶ፣ ጀበናው ሲቀርብ አኮ አቦሉን አላስቀዱም። "መጀመሪያ የዚያን እሁድ በረካ ቅጂልኝ" አሏት ልጅቷን።